«ባሩድ ሲያንስ አደጋውም ያንሳል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ፦ የማግነም ሪቮልቨር ጥይት አሞላል

ሰሞኑን አሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ርእሰ ጉዳዩ ከተራው የበረታ ኃይል ያላቸውን የ.357 ማግነምና የ.44 ማግነም ሪቮልቨር (ጥይቶቹ በሚዞር ሲሊንደር የሚገቡበት ሽጉጥ) ጥይቶች ቤት ውስጥ መሙላት ነው። የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም፤ ወደ ልኩ ተመልሶ፣ አዲስ ፕራይመር (ግርጌው ላይ ሆኖ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ክፍል)፣ ባሩድና አረር ገብቶለት ደጋግሞ ያገለግላል፤ ወጪም ይቆጥባል ይላል። ይህ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለራስ መተኮሻ የሚሆን ጥይት መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዕቃውም በይፋ ይሸጣል። የምንቃወመው ሥራውን ሳይሆን ጸሐፊው የሰጡትን የአሠራር ምክር ነው።

ምክራቸው ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል፦ በትንሹ ጀምር፣ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ሲበዛ ሽጉጥህ ራሱ ይነግርሃል። ለማግነም ይህ በሁለቱም በኩል ስህተት ነው። በትንሹ መጀመር ራሱ አደገኛ የሚሆንበት ባሩድ አለ። ሽጉጡም ቢሆን ገደቡ መታለፉን የሚናገረው ካለፈ በኋላ ነው። ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን፤ የባሩድ መጠን ግን እዚህ አንጽፍም። መጠን የሚወሰደው ከባሩድ ወይም ከአረር አምራቹ ወቅታዊ መመሪያ እንጂ እንደኛ ካለ ጽሑፍ፣ ወይም ከጓደኛ ማስታወሻ አይደለም። ጸሐፊው ሦስት የባሩድ መጠኖችን በጽሑፋቸው አስፍረዋል፤ የአረሩን ዓይነትም፣ የፕራይመሩንም፣ የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመትም ግን አልጠቀሱም። እነዚህ ሦስቱ የሌሉበት ቁጥር ምንም አይረባም።

«ጀማሪ የተጻፈውን ግማሽ ይሙላ፤ የባሩድ ማነስ ማንንም አይጎዳም» ይላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚመክሩት ባሩድ ሆጅደን የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ኤች110 ነው። ዊንቸስተር 296 ተብሎ የሚሸጠውም ያው ባሩድ ነው። ኤች110 በዝግታ የሚቃጠል፣ ለመለኮስም አስቸጋሪ የሆነ ባሩድ ነው። በትክክል የሚቃጠለው ቀለሁን ከሞላ ጎደል ሲሞላ፣ አረሩ በቀለሁ አፍ ጠንክሮ ሲያዝና ግፊቱ ቶሎ ከፍ ሲል ነው። ሲቀነስ ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ባሩዱም ሽጉጡ ወደ ታች ከዞረ ወደ አረሩ፣ ወደ ላይ ከዞረ ወደ ፕራይመሩ ይከማቻል። ፕራይመሩ ሲፈነዳ አረሩን ገፍቶ ከቀለሁ ያወጣዋል፤ አረሩ ሲወጣ ቦታው ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ የተለኮሰው ባሩድም ይከስማል። አረሩ የሽጉጡ ቱቦ መሃል ላይ ይቀራል።

ሆጅደን ለዚህ ባሩድ ከተጻፈው መጠን ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ለስሌት ብቻ እንውሰድና መመሪያው 20.0 ግሬን ቢል 3 በመቶው 0.6 ግሬን ነው፤ ከ19.4 ግሬን በታች መውረድ አይቻልም። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። ሚዛኑ 0.1 ግሬን መለየት የሚኖርበት ለዚህ ነው። ከሥራ በፊትም ክብደቱ በሚታወቅ የመፈተሻ ድንጋይ መረጋገጥ አለበት። የወጥ ቤት ሚዛን እዚህ ቦታ የለውም።

አረር ቱቦ ውስጥ መቅረቱ እንዴት ይታወቃል? ድምፁ ደካማ ነው፤ ሽጉጡም አይረግጥም። ሲሊንደሩ ሲከፈት ያልተቃጠለ የባሩድ ፍሬ ይረግፋል፤ ከቀለህ ማውጫው ኮከብ ሥር ገብቶም መዝጋቱን ያስቸግራል። አንዳንዴ አረሩ ከሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ ግማሹ ቱቦው ውስጥ ሆኖ ይቀርና ሲሊንደሩ መዞርም መከፈትም እምቢ ይላል። ያኔ ሁለተኛ ቃታ መሳብ የለም። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደተመለከተ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ዘግይቶ የሚለኮስ ጥይት ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ሲሊንደሩ ባዶ ተደርጎ ቱቦው በብርሃን ይታያል። አረሩ ካለ ልኩን በያዘ የናስ ዘንግ ተመትቶ ይወጣል። በሌላ ጥይት ተኩሶ ማስወጣት ቱቦውን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል።

ልምምድ ላይ ለስለስ ያለ ጥይት መፈለግ ተገቢ ነው፤ በተለይ ለጀማሪ። መንገዱ ግን ኤች110ን መቀነስ ሳይሆን ባሩዱን መለወጥ ነው። እንደ ኤችፒ-38 ወይም ዩኒክ ያሉ ፈጣን ባሩዶች ለዝቅተኛ ፍጥነት የተፈተነ መረጃ አላቸው። አልያንት 2400 ደግሞ የታወቀው የሽጉጥ ጸሐፊ ኤልመር ኪት .44 ማግነም ከመምጣቱ በፊት በአጭሩ ቀዳሚው፣ በ.44 ስፔሻል፣ የሠራበት ባሩድ ነው፤ ለማግነም ኃይል ሲውል ከኤች110 ይልቅ በቀላሉ ይለኮሳል። ለእያንዳንዱ ግን የራሱን ገጽ መክፈት ያስፈልጋል።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። «የፕራይመሩን ፊት ተመልከት፤ ክብ ጠርዙ እስካልጠፋ ድረስ ገና ቦታ አለህ» ይላሉ። ይህ ከጠመንጃ የተወሰደ ልማድ ነው። ለ.357 ማግነም የተቀመጠው የግፊት ጣሪያ 35,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ለ.44 ማግነም 36,000 ፒኤስአይ ነው። ከሁለቱም የበረታው የሪቮልቨር ጥይት፣ የ.454 ካሱል፣ ጣሪያ ደግሞ 65,000 ነው፤ ለዚህም ነው በትልቅ ሽጉጥ ጥይት ውስጥ የትንሽ ጠመንጃ ፕራይመር የሚገባበት። አሁን አስቡት፦ ለ.454 በተሠራ ጠንካራ ሽጉጥ ሁኔታ የሚታየው «ምልክት» በ.357 ላይ ሲታይ ጥይቱ ከገደቡ እጅግ ርቋል ማለት ነው። በሌላ በኩል የአንዱ ፋብሪካ ፕራይመር ለስላሳ ነውና በጤነኛ ግፊትም ይጠፈጠፋል፤ የሌላው ጠንካራ ነውና ገደቡ ታልፎም ክብነቱን ይይዛል። ጠርዙ የሚያሳየው የብረቱን ልስላሴ፣ የቀለሁን ወደ ኋላ መንቀሳቀስና ግፊቱን አንድ ላይ አቀላቅሎ ነው።

ከፕራይመር ይልቅ የሚታመነው ቀለሁ ከሲሊንደሩ እንዴት እንደሚወጣ ነው። ጤነኛ ጥይት ከሆነ ስድስቱም በአውራ ጣት ግፊት ይወጣሉ። መዳፍ ወይም መዶሻ ካስፈለገ፣ ጥይቶቹ የሚገቡባቸው የሲሊንደሩ ክፍሎችም ንጹሕና ያልተቧጨሩ ከሆኑ፣ ጥይቱ ገደቡን አልፏል። ይህም ቢሆን ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ያለፈ ነገር ምልክት ነው፤ የቀሩት ጥይቶች አይተኮሱም፣ ይፈታሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ምክራቸው አለ፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለናል። ፍጥነት መለኪያ ክሮኖግራፍ ግዙ ይላሉ፤ ጥሩ። ቀጥለው ግን «ፍጥነቱ መጽሐፉ ካለው እስኪደርስ ጨምር» ይላሉ። የሆጅደን የ.357 ማግነም ፍጥነት የተለካው በ10 ኢንች የመፈተሻ ቱቦ ነው። የ4 ኢንች ሪቮልቨር ያንን ፍጥነት በጤነኛ ግፊት አያገኘውም። በዚያ ላይ ሪቮልቨር በሲሊንደሩና በቱቦው መካከል ክፍተት አለው፤ ከ0.004 እስከ 0.006 ኢንች የተለመደ ነው፤ ጋዝ በዚያ ያመልጣል። ክፍሎቹ ሰፋ ያሉ ከሆነም ፍጥነት ይቀንሳል። አንድ ዓይነት ሁለት ሽጉጦች በአንድ ጥይት በግልጽ የሚታይ የፍጥነት ልዩነት ማሳየታቸው ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ክሮኖግራፍ የሚነበበው በተቃራኒው ነው፦ ፍጥነቱ ከተጠበቀው በታች ከሆነ ሽጉጡ እንዲያ ነው፣ ይተዋል። ከተጠበቀው በላይ ከሆነ፣ በተለይ ከአጭር ቱቦ፣ ሥራው ይቆማል። ያ ትርፍ ፍጥነት ከትርፍ ግፊት በቀር ከየትም አይመጣም።

ሦስተኛው ነጥብ ቀለህ ነው። «.38 ስፔሻልና .357 ማግነም ልዩነታቸው ርዝመት ብቻ ስለሆነ በ.38 ቀለህ የ.357ን መጠን መሙላት ይቻላል፤ .38 ቀለህ እንደ ልብ ይገኛል» ብለዋል። የ.38 ስፔሻል ቀለህ 1.155 ኢንች፣ የ.357 ማግነም 1.290 ኢንች ነው። ማግነሙ የረዘመው ሆን ተብሎ፣ በ.38 ሽጉጥ እንዳይገባ ነው። አረሩ በአጭሩ ቀለህ ሲቀመጥ ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ያንሳል፤ ቦታ ሲያንስ በዚያው መጠን ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያ ጥይት ግርጌው ላይ «.38 ስፔሻል» ተጽፎበታል። ነገ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ 17,000 ፒኤስአይ ለሚሸከም አሮጌ .38 ይሞላል። በ.44 ስፔሻልና በ.44 ማግነም መካከልም ነገሩ ያው ነው፤ የ.44 ስፔሻል ጣሪያ 15,500 ፒኤስአይ ነው። አጭሩን ጥይት በአጭሩ ኃይል፣ በማግነም ሽጉጥ መተኮስ ይቻላል፤ ክፍሎቹ ውስጥ የሚቀረውን የጥላሸት ቀለበት ግን ረጅሙን ከማስገባት በፊት መፋቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ክሪምፕ። ጸሐፊው የቀለሁን አፍ ወደ አረሩ ማጠፍን «ለመልክ የሚደረግ» ብለውታል። ምናልባት ከ9 ሚሊ ሜትር አሞላል የመጣ አስተያየት ነው፤ እዚያ ጥይቱ በአፉ ጠርዝ ስለሚቆም አፉ አይጠቀለልም። የሪቮልቨር ጥይት በጠርዛማ ግርጌው ነው የሚቆመው፤ አፉም ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ አረሩ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ መግባት አለበት። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ የተባለው ነው፦ ዘገምተኛ ባሩድ አረሩ ጠንክሮ ካልተያዘ ግፊት አይገነባም። ሁለተኛው ርግጫ ነው። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲመታ በሲሊንደሩ ያሉት ቀለሆች ግርጌያቸው ተይዞ አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከባዱ አረር ግን ባለበት መቆየት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ተኩስ አረሩን ትንሽ ትንሽ ይስበዋል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ የአረሩ ጫፍ ከሲሊንደሩ ፊት ወጥቶ የቱቦውን ግርጌ ይነካል፤ ሲሊንደሩም ይቆለፋል። ድብ ባለበት አገር ለመከላከያ የያዘ ሰው ላይ ይህ ቢደርስ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ስድስት ጥይት ይሞላል፤ አንዱ በማርከር ምልክት ይደረግበትና ርዝመቱ በካሊፐር (ጥቃቅን ርዝመት መለኪያ) ተለክቶ ይጻፋል። ለ.44 ማግነም የጠቅላላ ርዝመት ጣሪያ 1.610 ኢንች፣ ለ.357 ደግሞ 1.590 ነው። አምስቱ ይተኮሳሉ፤ ምልክት ያለው ወጥቶ እንደገና ይለካል። ረዝሞ ከተገኘ ክሪምፑ አልያዘም።

ካልያዘ ደግሞ ወዲያው ክሪምፑን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ አብዛኛው መያዣ የሚመጣው ከቀለሁ ግድግዳ ነው። አፉን የሚከፍተው ዘንግ ከልክ በላይ ወፍሮ ከሆነ ግድግዳው አረሩን አይጨብጥም። አፉ የሚከፈተው የአረሩ ግርጌ ሳይፋቅ እንዲገባ ያህል ብቻ ነው። ደጋግሞ የተተኮሰ ቀለህም ይደርቅና አረሩን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ አፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሲታይ ይጣላል። ቀጥሎ ርዝመት ነው። የ.44 ማግነም ቀለህ ጣሪያው 1.285 ኢንች ነው፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ ረጅምና አጭር ከተቀላቀለ ዳዩ (የቀለሁን አፍ የሚያጥፈው መሣሪያ) ረጅሙን አጥብቆ አጭሩን አላልቶ ያልፋል። ሁሉም ወደ አንድ ርዝመት ይቆረጡ። አረር ማስቀመጥና ማጠፍ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ጉዞ ቢሠሩ ይሻላል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ አፉ እየታጠፈ አረሩ ገና ይወርዳል፣ አረሩ ይፋቃል፣ ቀለሁም ከታጠፈው ሥር ያብጣል። ያበጠ ጥይት ክፍሉ ውስጥ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ቦይ የሌላቸው በመዳብ የተለበጡ አረሮች ጠንካራ ክሪምፕ ስለማይችሉ ለሙሉ ማግነም ኃይል አይመረጡም።

«ለሽጉጡ እንዲቀለው ቀላል አረር ተጠቀም» የሚለውም መልስ ይፈልጋል፤ ርግጫውን የሚያዩ ሰዎች በቀላሉ ያምኑታልና። ሙሉ ኃይል ባለው .357 ጥይት የ125 ግሬን አረር ከ158 ግሬኑ የበለጠ ባሩድ ይወስዳል፤ አጭርም ስለሆነ ቱቦውን በጊዜ አይደፍንም። የጋለ ጋዝና የሚነድ የባሩድ ፍሬ የቱቦውን ግርጌ ይጠርባል። ይህ በደንብ የታየው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1955 ባወጣው ኮምባት ማግነም፣ በኋላ ሞዴል 19 በተባለው ላይ ነው። የዚያ ሽጉጥ የቱቦ ግርጌ ሲሊንደሩ እንዲዘጋ ሲባል ከታች በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ተቆርጧል፤ ብረቱ እዚያ ስስ ነው፤ ስንጥቁም የሚመጣው እዚያው፣ በሰዓት ገጽ ላይ 6 ቁጥር በሚሆንበት ቦታ፣ ከታች ነው። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ያለው ሰው በቀላል አረር ሙሉ ማግነም ባይተኩስበት ይመከራል። ቱቦው ከተሰነጠቀ መተኪያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስለ ፈጣን ባሩድ ቆጣቢነት ያሉት ትክክል ነው፤ ጥቂት ግሬን ይበቃል። ያልጠቀሱት ያ ጥቂት ግሬን የማግነም ቀለሁን ግርጌ ብቻ እንደሚሸፍን ነው። ሁለቴ ቢገባ አይፈስም፣ ሦስቴም ሊገባ ይችላል። በ«ልምድ ያለው እጅ አይሳሳትም» መተማመን አይቻልም፤ እጅ የሚሳሳተው ስልክ ሲጠራ ነው። ቀለሆቹ ሃምሳ በሚይዝ ማቆሚያ ላይ ይደርደሩ፤ ባሩድ ያልገባባቸው አፋቸው ወደ ታች ተደፍቶ፣ የገባባቸው ብቻ ወደ ላይ ሆነው ይቁሙ። አረር ከመቀመጡ በፊት በእጅ ባትሪ እያንዳንዱ ውስጥ ይታይ፤ ከጎረቤቶቹ ከፍ ወይም ዝቅ ያለው ተደፍቶ ይመዘን። የባሩዱ መስፈሪያ በየ10 ጥይቱ በሚዛን ይፈተሽ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው የባሩድ ቆርቆሮ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ወደዚያው ቆርቆሮ ይመለስ። ምንነቱ የተረሳ ባሩድ መስፈሪያው ውስጥ ከተገኘ አይገመትም፤ ይወገዳል።

ፕራይመርን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ከቀለሁ ግርጌ ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ጣት ሲያልፍበት ጎድጎድ ማለቱ ይሰማል። ወደ ላይ የወጣ ፕራይመር ሲሊንደሩን ያስቸግራል፤ መቺው ሲመታውም የመጀመሪያው ኃይል ወደ ቦታው በማስገባት ይባክንና አይለኮስም። መመሪያው የማግነም ፕራይመር ካለ ተራውን መተካት አይቻልም፤ ተራ ከተጻፈም ማግነሙን መተካት አይቻልም።

«ማታ ቡና እየተጠጣ፣ ከቤተሰብ ጋር እየተጫወቱ የሚሠራ» ብለው ያቀረቡት ሥዕል ደስ ይላል፤ ግን አይሆንም። የተተኮሰ ፕራይመር ቅሪት የእርሳስ ውህድ አለው። የቀለህ ማጽጃው በቆሎ ፍርፋሪ በደረቁ ሲሽከረከር የሚወጣው ብናኝ ያንን እርሳስ ተሸክሞ ሲኒው ላይ፣ ቆሎው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ያርፋል። ምንጣፍ ላይ የሚድህ ሕፃን ደግሞ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። በውኃ ማጠብ ብናኙን ያስቀራል። ማጽዳቱ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ ይሁን፤ በሥራው መሃል አይበላም፣ አይጠጣም፤ ሲያበቃ እጅና ፊት በሳሙና ይታጠባል፤ የሥራው ልብስ ለብቻው ይታጠባል። ባሩድና ፕራይመር ከመጡበት ዕቃ አይገለበጡም፤ ልጆች በማይደርሱበት ተቆልፈው ተለያይተው ይቀመጣሉ። የአፓርትመንት ውልና የአካባቢ የእሳት ደንብ ስንት ፓውንድ እንደሚፈቅዱ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ጸሐፊው ወጪውን ለመመለስ «ለጓደኞች መሸጥ» ብለዋል። ለሽያጭ ጥይት መሥራት የፌዴራል አምራችነት ፈቃድ፣ ዓይነት 06 የሚባለውን ይጠይቃል፤ ከዚያ በተጨማሪ የግዛቱ ሕግ አለ። ሕጉ ባይኖር እንኳ ለአንድ ሽጉጥ ተፈትኖ የተሠራ ጥይት በሌላው ውስጥ ምን እንደሚሆን ሠሪው አያውቅም። ለራስ የተሞላው ሳጥን ራሱ ላዩ ላይ ይጻፍበት፦ ቀን፣ የአረሩ ዓይነትና ክብደት፣ የባሩዱ ስም፣ መጠንና የምርት ቁጥር፣ ፕራይመር፣ የቀለሁ የስንተኛ ጊዜ ሙሌት እንደሆነ፣ ጠቅላላ ርዝመት፣ የተሠራለት ሽጉጥ። የባሩዱ የምርት ቁጥር ወይም የፕራይመሩ ፋብሪካ ሲለወጥ የቀድሞው መጠን በቀጥታ አይወሰድም፤ ከመመሪያው መነሻ መጠን እንደገና ይጀመራል፤ ለኤች110 ያ መነሻ ከተጻፈው መጠን ከ3 በመቶ በላይ ዝቅ አይልም።